የልጆቻችን ጨው የት ነው ያለው?

ደም ግፊት ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጡት አያቶቻችን ናቸው፤ ክኒን የሚውጡ፣ ወጡ ሲቀርብ «ጨው አለው?» ብለው የሚጠይቁ። የአምስት ዓመት ልጅ አይታሰበንም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ግን በ2017 ባወጣው መመሪያ የልጆች ደም ግፊት ከ3 ዓመታቸው ጀምሮ በየዓመቱ እንዲለካ ይመክራል። በልጅነት ከፍ ያለ ግፊት አብሮ የማደግ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ልጁን ደግሞ አያመውም፣ ስለዚህ ካልተለካ አይታወቅም።

በውጭ አገር በብዙዎቻችን ቤት ሁለት ማዕድ አለ። ለትልልቁ እንጀራ በወጥ ይቀርባል፤ ለልጆቹ «የእነሱ ምግብ» ለብቻ ይዘጋጃል፦ ፒዛ፣ የዶሮ ነጌት፣ ሆት ዶግ፣ ማካሮኒ በቺዝ፣ ኢንዶሚ። ወጡ ያቃጥላቸዋል፣ ይከብዳቸዋል ብለን ነው። ከሥራ ደክሞ የገባ ወላጅ ልጁ ምንም ይሁን ምን በልቶ ቢያድርለት ደስ ይለዋል፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን ጨው የሚበዛው በዚያው «ለልጅ ይቀላል» በምንለው ማዕድ ላይ ነው። በአሜሪካ ከ10 ልጆች 9ኙ ያህል ከሚገባው በላይ ሶዲየም፣ ማለትም በጨው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር፣ ይወስዳሉ፤ አብዛኛው የሚገባው ከጨው ዕቃችን ሳይሆን ከፋብሪካና ከምግብ ቤት ከሚመጣ ምግብ ነው። ጨዋማ የማይመስለው ዳቦ እንኳ ከዋነኞቹ ምንጮች አንዱ ነው።

መጠኑን እንወቀው። በአሜሪካ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1,200 ሚሊግራም ሶዲየም በላይ አይመከርም፤ ከ4 እስከ 8 ዓመት 1,500፣ ከ9 እስከ 13 ዓመት 1,800 ነው። አንድ ፓኬት ፈጣን ኑድል ከነቅመሙ 1,500 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው መቶኛ ደግሞ ያሳስታል፤ የተሰላው በአዋቂ ልክ በ2,300 ሚሊግራም ነውና። «20 በመቶ» ሲል 460 ሚሊግራም ማለት ነው፤ ለ4 ዓመት ልጅ ከቀኑ ድርሻ ሲሶ ሊሞላ ምንም አይቀረው። በአውሮፓ ያላችሁ የምታነቡት ሶዲየም ሳይሆን ጨው ነው፤ ሶዲየሙን በ2.5 ስታባዙት ጨው ይሆናል። በብሪታኒያ የሚመከረው ከ1 እስከ 3 ዓመት በቀን 2 ግራም ጨው፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት 3 ግራም ነው። በእስራኤል ከ2020 ጀምሮ ሶዲየም የበዛበት የታሸገ ምግብ ቀይ ምልክት አለበት፤ ልጆቹን ራሳቸውን ምልክቱን እንዲፈልጉ ማስለመድ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ለትንሽ ልጅ ምን ያደርጋል ለሚል፣ በሆላንድ የተደረገውን ጥናት ልንገረው። በ1980ዎቹ መግቢያ ወደ 500 የሚጠጉ አራስ ልጆች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ የተለመደውን፣ ግማሾቹ ሶዲየሙ በጣም የቀነሰ ወተትና ምግብ ለ6 ወር ተመገቡ። በስድስተኛው ወር ጨው የተቀነሰላቸው ልጆች የላይኛው ግፊታቸው በ2 ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይበልጥ የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከ15 ዓመት በኋላ ከእነዚሁ መካከል ተፈልገው የተገኙት ሲለኩ ልዩነቱ 3.6 ነጥብ ሆኖ ነበር። የስድስት ወር ምግብ!

የእኛም ጓዳ ከጨው ንጹሕ ነው አልልም። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ላይ ሌላ ይጨመራል፣ በዚያ ላይ ማጊ አለ። አይብ ስናጣ የምንተካው ፌታ በጨው የተነከረ ነው። በጤፍ ፈንታ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት የገባበት እንጀራም ሶዲየም አለው፤ ስትገዙ ጠይቁ። ልዩነቱ ግን በድስቱ ላይ እኛ እናዝበታለን፣ በፋብሪካው ላይ አናዝም። ክክ አልጫው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ ሲበስል፣ ጨው ሳይገባ የልጁን ድርሻ ቀድሞ ማውጣት ይቻላል። እነዚህ ምግቦች ፖታሲየም አላቸው፤ ፖታሲየም ኩላሊት ሶዲየምን እንዲያስወጣ ያግዛል፣ የደም ሥርንም ያላላል። ለቁርስ አጥሚት፣ ለመክሰስ ሙዝና ጨው ያልነካው ቆሎ፤ ቆሎው ግን ሕፃን ያንቃልና ለትልልቆቹ ይሁን። ምላስ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል።

ከጨው የሚብስ አንድ ጉዳይ አለ፤ ለመናገር የሚከብደንም እሱ ነው። የልጆችን ግፊት ከሚጨምሩት ነገሮች ዋነኛው ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። እኛ ግን ማኅበር ላይ ድብልብል ያለ ልጅ ስናይ እናመሰግናለን፣ ቀጠን ያለውን «አያበሉህም እንዴ?» እንላለን። በችግር ያደገ ትውልድ ልጅ ሲጠግብ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስተው አውቃለሁ። ቢሆንም ለስላሳና የታሸገ ጭማቂ በየግብዣው ለልጅ መቅዳት ፍቅር መግለጫ መሆኑ ይብቃ። ውኃና ወተት አለ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «የልጄን ግፊት ለኩልኝ» በሉ። መለኪያው ለልጁ ክንድ የሚበቃ መሆን አለበት፤ ጠባብ ከሆነ ያለአግባብ ከፍ አድርጎ ያሳያል። አንድ ቀን ከፍ አለ ተብሎ ልጅ በሽተኛ አይባልም፤ በሦስት የተለያዩ ቀናት መረጋገጥ አለበት። ከ6 ዓመት በታች ባለ ልጅ ከፍ ብሎ ከቆየ ደግሞ ምግብ በማስተካከል ብቻ አይታለፍም፤ ኩላሊቱ ይመርመር። «በቤተሰብ ግፊት ያለበት አለ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ አትደብቁ፤ የአያትን ግፊትም፣ የአጎትን ኩላሊትም ተናገሩ። ከ32 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ካላችሁም አስታውሱ፤ መመሪያው እንዲህ ያለ ልጅ 3 ዓመት ሳይሞላውም እንዲለካ ነው የሚለው።