መመሪያ ለማን ይጻፋል?

መመሪያ የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቅማ ምን ያደርግለታል? ይሁን እንጂ ብዙዎቹን የኮምፒዩተር ኔትዎርክ ማስተካከያ ጽሑፎች ስናገላብጥ የምናገኘው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ባለሙያው ለራሱ ማስታወሻ የያዘ ይመስላል። ታዲያ ይህ የቴክኒሺያኖች ጣጣ እንጂ የዕጩ መምህራን ጉዳይ አይደለም የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም።

በአገራችን በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወረዳኔት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን፥ ስኩልኔት ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እንዲያገናኙ ተዘረጉ። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት፥ ያውም በእንግሊዝኛ፥ ወደየክፍሉ ገባ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በዓይነት በዝቷል። መሣሪያ ግን ይበላሻል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቅንብሩ ሊጠፋ ይችላል። በቀወት ቆላ፥ ከሸዋ ሮቢት ከተማ ራቅ ባለ ቀበሌ ለተመደበ መምህር፥ ቴክኒሺያን ጠርቶ በዕለቱ ማግኘት ቀላል አይደለም። መሣሪያውን የተከለው ሰው ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ይዛወራል። የሚቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው። ወረቀቱ ካልተናገረ ተማሪው ተጎዳ ማለት ነው።

ችግሩ የት ላይ ነው? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «አይፒ አድራሻው ይሞላል፤ ማስኩ ይስተካከላል፤ ጌትዌዩ ይረጋገጣል» ተብሎ ቢጻፍ አማርኛው ስሕተት የለበትም። ግን ማን ነው የሚሞላው? በምን ቁጥር? ግድ ነው ወይስ እንደ ፍላጎት? «ይሞላል»፥ «ይስተካከላል» የሚለው አነጋገር አድራጊውን ይደብቃል፤ ግዴታውንም ያድበሰብሳል።

ይኸው ነገር እንዲህ ቢጻፍስ? «የዚህን ኮምፒዩተር አድራሻ 192.168.1.25 ያድርጉ። ሁለት ኮምፒዩተሮች አንድ ቁጥር ከያዙ ይጋጫሉ፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቁጥር ለየብቻ ይሁን። ማስኩን 255.255.255.0 ያድርጉ፤ ይህም የፊተኞቹ ሦስት ቁጥሮች የግቢው የጋራ ናቸው ማለት ነው። ጌትዌዩን 192.168.1.1 ብለው ይሙሉ፤ ከግቢ ወደ ውጭ የምንወጣበት በር እሱ ነው። ሲጨርሱ ወደዚሁ ቁጥር ፒንግ ያድርጉ። መልስ ከመጣ እስከ በሩ ደርሰዋል። ካልመጣ በመጀመሪያ ገመዱን ይዩ።» እዚህ ላይ ትእዛዙ፥ ምክንያቱና መፈተኛው አብረው አሉ። ይህ እኮ እኛ በየቀኑ የምንማረው የትምህርት ዕቅድ አሠራር ነው፤ ዓላማ፥ ቅደም ተከተል፥ ግምገማ።

የኢንተርኔትን ደንብ የሚጽፉት መሐንዲሶችም ነገሩ አሳስቧቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት አርኤፍሲ 2119 በተባለ አጭር ሰነድ «ግድ ነው»፥ «ይመከራል»፥ «ይቻላል» የሚሉት ቃላት ምን ምን ማለት እንደሆኑ ለይተው ወሰኑ። በ2010 ደግሞ በአርኤፍሲ 5737 ለምሳሌ ብቻ የሚያገለግሉ ሦስት የአድራሻ ክልሎች እንደተለዩ አሳወቁ፤ አንደኛው በ192.0.2 የሚጀምረው ነው። ለምን ቢባል፥ አንባቢ ምሳሌውን እንዳለ ሊገለብጠው ይችላልና የሌላ ሰው እውነተኛ አድራሻ እንዳይነካ ነው። በሙያው የበሰሉት ሰዎች ለአንባቢ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ እኛ ምን ይከለክለናል?

«የስክሪኑ ቃል ሁሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ መጻፍ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። የቁልፉ ስም በስክሪኑ ላይ እንዳለ ይጻፍ፤ ጌትዌይን «መተላለፊያ» ብለን ብንተረጉመው መምህሩ ስክሪኑ ላይ ፈልጎ አያገኘውም። ማብራሪያው ግን አማርኛ ይሁን። ሰው ምክንያቱን የሚረዳው በሚያስብበት ቋንቋ ነውና።

እንግዲህ የኛ ሐሳብ ይህ ነው። መሣሪያ የሚተክል ባለሙያ የዚያን ግቢ እውነተኛ ቁጥሮች የያዘች አንዲት ገጽ ጽፎ ሳይተው አይሂድ። የይለፍ ቃሉ ግን በገጿ ላይ አይለጠፍ፤ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ይቀመጥ። ገጿ ከመጽደቋ በፊት ነገሩን የማያውቅ አንድ ሰው እያነበበ ይሥራባት፤ ባለሙያውም አፉን ዘግቶ ይመልከት። አንባቢው የቆመበት ቦታ ላይ ጥፋቱ የአንባቢው ሳይሆን የጽሑፉ ነው፤ እዚያው ይታረም። ቅንብር በተለወጠ ቁጥርም ቀኑ ይመዝገብ።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የሚወረሰው ግን የሚገባ ጽሑፍ ነው። እኛም ከዚህ ተመርቀን ስንወጣ በተመደብንበት ትምህርት ቤት ያቺ ገጽ መኖሯን እንጠይቅ፤ ከሌለች ከባለሙያው ጋር ተቀምጠን እንጻፋት። ማስረዳት ሥራችን ነውና።