ቤት የሚያሠራ ሰው የሠራተኛውንም ደመወዝ ይጠይቅ

ቤት መሥራት ለቤተ ሰብ ታላቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ግድግዳው ቆሞ ጣራው ከተመታ በኋላ፤ ግንበኛውና አናጢው፤ ጭቃ አቡኪውና ድንጋይ ተሸካሚው በደጅ ቆመው «የድካማችን ዋጋ አልተከፈለንም» ያሉ እንደ ሆነ፤ ደስታው ወደ ሙግት ይለወጣል። ስለዚህ ይህ ነገር ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚከለከል ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልናስታውስ ወደድን።

በወላይታ አገር በአረካ ከተማ ከደመወዙ ቆጥቦ ቤት የሚያሠራ አንድ ሰው አለ እንበል። የሣር ቤት በሚሠራበት ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ተረዳድቶ ያቆመው ነበር፤ ዋጋውም ምግብና መጠጥ ነበረ። የብሎኬትና የቆርቆሮ ቤት ግን በገንዘብ ይሠራል። ባለቤቱ ሥራውን ለተቋራጭ በቁርጥ ዋጋ ይሰጣል፤ ተቋራጩም ሠራተኞችን ይቀጥራል። ተቋራጩ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሎ የተሰወረ እንደ ሆነ፤ ሠራተኞቹ እርሱ ያለበትን አያውቁምና ወደሚያውቁት ቤት ይመጣሉ። ባለቤቱ «እኔ ከፍያለሁ» ይላል፤ እነርሱም «እኛ አልተቀበልንም» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል።

ሕጉስ ምን ይላል ቢሉ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፤ በልዩ ካልተደነገገ በቀር፤ ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ ነው ይላል። ተቋራጭም ሥራውን የሚሠራው በራሱ ኀላፊነት ነው። እንግዲህ ተቋራጭ የቀጠረው ሠራተኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ተቋራጩን ነው። ሆኖም ባለቤቱ ሠራተኞቹን ራሱ ቀጥሮ ራሱ ሲያዝዝ የቆየ እንደ ሆነ፤ አሠሪው እርሱ ነው ሊባል ይችላል። ደግሞም ለተቋራጩ ሊከፈል በባለቤቱ እጅ የቀረ ገንዘብ ቢኖር፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊያዝ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛ ገንዘብ ከሌላው ዕዳ እንዲቀድም አዝዟል።

በሌላም አገር ይህ ነገር ታስቦበታል። በአሜሪካ የዋሺንግተን ከተማ ሲሠራ፤ የሜሪላንድ ምክር ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1791 ዓመት ለሠሪዎች በሠሩት ቤት ላይ የመያዣ መብት ሰጠ። የ1804 ዓመት የፈረንሳይ ሕግ ግን ሠራተኛው ባለቤቱን እንዲጠይቅ የፈቀደው፤ ባለቤቱ ለተቋራጩ ገና ባልከፈለው ገንዘብ ልክ ብቻ ነው።

ከዚህም የምንማረው በባለቤቱ እጅ የሚቀረው የመጨረሻው ገንዘብ ለሁሉም ዋስትና መሆኑን ነው። ስለዚህ ውሉ በጽሕፈት ይሁን፤ ምስክርና ዋስም ይኑረው። ገንዘቡ ሥራው በደረሰበት መጠን እየተከፈለ ይሰጥ እንጂ አስቀድሞ በሙሉ አይሰጥ። የሠራተኞቹ ስምና የሠሩበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ። የመጨረሻውም ክፍያ ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን መቀበላቸውን ከፈረሙ በኋላ እንዲሆን በውሉ ይገለጥ፤ ይህ በውሉ ካልተጻፈ ተቋራጩ «ገንዘቤን ያለ ምክንያት ያዘብኝ» ብሎ ይከስሳልና።

ሠራተኛውም ዝም ብሎ መቀመጥ አይገባውም። በዚሁ አዋጅ መሠረት የደመወዝ ጥያቄ ሊከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይቀራል። ፊደል ያልለየ ሠራተኛ ይህን አያውቅምና፤ የሚያውቅ ሰው ሊነግረው ይገባል።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የድኻው ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ታዝዛለች፤ እርሱ የዕለት ጉርሱን የሚጠብቀው ከዚያ ብቻ ነውና። ባለቤትም ስለ ሲሚንቶውና ስለ ቆርቆሮው ዋጋ እንደሚጠይቅ፤ በየሳምንቱ «ለሠራተኞቹ ተከፈለን?» ብሎ ቢጠይቅ አንዳች አይጐዳም። ይህን ያደረገ ሰው አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይድናል፤ የድኻውም ልጆች ጦማቸውን አያድሩም።