ፊት ስለሚያቀሉ ክሬሞች የተሰጠ ማሳሰቢያ

«ምነው ጠቆርሽ? ከሳሽም!» ብዙዎቻችን ሰላምታ ሳንጨርስ የምንጠይቀው ይህን ነው። ቀላ ብላ ለታየችው ደግሞ «እንዴት አምሮብሻል!» እንላለን። ሁለቱንም በፍቅር ነው የምንለው። የአክስቴ ልጅ ግን ይህን እየሰማች አድጋ፣ ሰርጓ ሁለት ወር ሲቀረው ሻጯ ከሦስት ቱቦ ጨምቃ የቀላቀለችላትን፣ ምንም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ገዛች።

በሁለተኛው ሳምንት ፊቷ ጠራ። ያያት ሁሉ አደነቃት፤ እሷም ሳትሸማቀቅ ፎቶ መነሳት ጀመረች። ሰርጉ አልፎ ክሬሙን ስታቆም ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ ቡግር ወረራት፣ ውኃ ሲነካት እንኳ ያቃጥላት ነበር። መልሳ ስትቀባው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ያለ ክሬሙ ደጅ መውጣት አቆመች። ትንሽ በራሷ እንድትተማመን ብላ የገዛችው ነገር፣ የነበራትንም ወሰደባት።

እንዲህ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ብርቱ ስቴሮይድ ነው። ሐኪም ለችፌና ለመሰል የቆዳ ሕመም ለአጭር ጊዜ የሚያዝዘው መድኃኒት ነው እንጂ የፊት ማስዋቢያ አይደለም። የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ፊት የፈካ ይመስላል። ሲቆም ሥሮቹ መልሰው ይከፈታሉ፣ ፊት ይቀላል፣ ያብጣል። ለወራት ከተቀባ ቆዳ ይሳሳል፣ ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል። የአዲስ አበባን ያህል ከፍታ ላይ ባለ ፀሐይ፣ የሳሳ ቆዳ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በአንዳንድ ማቅያ ክሬሞች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ከዚህም ይከፋል። በቆዳ ሰርጎ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከእናት እጅና ፊት ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል፣ በጡት ወተትም ይደርሰዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ከ2020 ጀምሮ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የቆዳ ማቅያዎች እንዳይመረቱና ከአገር አገር እንዳይዘዋወሩ ከልክሏል፤ ሆኖም ዛሬም በድብቅ ይሸጣሉ። ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩሪዮ» የሚል ካያችሁ፣ አለዚያም ከብር፣ ከጎማና ከአሉሚኒየም እንዳታነካኩት የሚያስጠነቅቅ ከሆነ አትንኩት። ለማድያት የሚታዘዘው ሃይድሮኪኖንም ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ያወጣል፤ ያንን ማስለቀቅ እጅግ ከባድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ ማቅያ ክሬሞች ያገደው ያለ ምክንያት አይደለም።

እናቶች፣ አክስቶች፣ ጓደኞች፣ እባካችሁ «ጠቆርሽ» የምትለዋን ቃል ተዉልን። አንዲት ልጅ ለዚያ ብልቃጥ ገንዘብ የምታወጣው መስታወት ፊት ቆማ ብቻ አይደለም፤ እኛ ፊት ቆማም ጭምር ነው።

መቀባት የጀመራችሁ ደግሞ አትፈሩ፤ ሜርኩሪ ያለበት ካልሆነ በቀር ግን በአንድ ቀን አትጣሉት። ለረጅም ጊዜ የተቀባ ስቴሮይድ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ወደ ቆዳ ሐኪም ስትሄዱ ብልቃጡን ከነማሸጊያው፣ ማሸጊያ ከሌለውም እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ወር እንደተቀባችሁ፣ በቀን ስንቴ እንደሆነ፣ የምታጠቡ ከሆነም ሳታፍሩ ተናገሩ። ፊት ወይም እግር ካበጠ፣ ሽንት አረፋ ከበዛበት ወይም እጅ ከተንቀጠቀጠ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ታዩ።