የቤት ሥራው የማን ነው?

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከክፍል መልስ የሰው ልጅ እያስጠናን ለደብተርና ለሳሙና የምትሆን ገንዘብ እንደምናገኝ የታወቀ ነው። በዚህ የሚያፍር አይኑር፤ የሚያሳፍረው ሌላ ነው። ልጁ ደብተሩን ይዘረጋል፤ እኛ ሰዓታችንን እናያለን፤ የሒሳቡን መልስ እናስገለብጠውና ውልቅ እንላለን። በማግሥቱ መምህሩ «ትክክል» ይላል፤ ወላጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ እኛም የወር ክፍያችንን እንቀበላለን። የተጎዳው ልጁ ነው፤ እርሱ ደግሞ አይከሰንም።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቤት ሥራ የምናላክክ ሞኞች አይደለንም። ነገር ግን ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲሠራለት የኖረ ልጅ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ምን እንዲያደርግ ነው የምንጠብቀው?

«ወላጆቹ ያልተማሩ ስለሆኑ ሊረዱት አይችሉም» የሚባለውንም አነጋገር አንቀበለውም። ፊደል ያልቆጠረች እናት የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ልታነብለት አትችልም፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ቡናው እስኪፈላ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ «ዛሬ ምን ተማራችሁ? እስቲ ንገረኝ» እንዳትለው የሚያግዳት ማነው? ልጁ ሲያስረዳ የገባውና ያልገባው ይለይለታል፤ ሲንተባተብ እርሷም ታውቅበታለች። በቄስ ትምህርት ቤትስ ተማሪው መብራት በሌለበት ማታ የቃል ትምህርቱን እየደጋገመ አልነበረምን ያጠና የነበረው?

ጠረጴዛም ቢሆን ግዴታ አይደለም፤ ሣጥን ይበቃል። የሚቸግረው ሰዓቱ ነው። የጧት ፈረቃ ልጅ ከቀትር በኋላ እቤት ይውላል፤ ሆኖም ያን ጊዜ የሚይዝለት ስለሌለ ደብተሩ የሚወጣው ዓይኑ በእንቅልፍ ሲከደን ነው። የሴቷ ልጅ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ወንድሟ ኳስ ሲጫወት እርሷ ውኃ ትቀዳለች፤ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ሕፃን ታዝላለች። ማታ ሁለቱም «አጥኑ!» ይባላሉ፤ ስታንቀላፋ ሲያዩዋት ሰነፍ ናት ይሏታል። ገና ፀሐይ ሳለች፣ ቴሌቪዥኑም ስልኩም ተዘግቶ፣ ለሁለቱም እኩል አንድ ሰዓት ይሰጣቸው ብንል ከቤተሰቡ ብዙ ጠየቅን? (ቀበቶውንም ከአጠገባቸው ያርቁልን፤ የተገረፈ ልጅ የሚማረው ደብተር መደበቅ ነው።)

እንግዲህ ለአስጠኚ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባም እንነጋገርበት። እርሳሱን አንንካ። ልጁ መጀመሪያ ብቻውን ይሞክር፤ ተሳስቶ ከሆነ የት እንደሳተ እስኪያገኘው እንጠይቀው። ከዚያም በኋላ ያልገባው ቢኖር ስሕተቱ እንዳለ ይሂድ፤ መምህሩ ካላየው ምኑን ያስተምረዋል? ይህንንም ለወላጆቹ አስቀድመን እንንገራቸው። ክፍያችንን እናጣለን የሚል ሥጋት እንዳለ እናውቃለን፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ባለፈው ወር ከጓደኞቻችን አንዱ እንደዚህ ቢያደርግ፣ የልጁ አባት ደብተሩ ላይ ቀይ ምልክት አይተው «የምከፍልህ ለዚህ ነው?» ብለው አሰናበቱት። ሌላ ቤት እየፈለግንለት ነው፤ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን።