ማሞቂያ ስንገዛ ዋጋውን ብቻ አንጠይቅ



እንደሚታወቀው የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ሲገባ በየቤቱ የውሃ ማሞቂያ መግዛት ይበረክታል። ሰው ሠርቶ ደክሞ ሲመለስ በሙቅ ውሃ ቢታጠብ ደስ ይለናል እንጂ አንቃወምም። የሚያሳስበን አመራረጣችን ነው። ሱቅ እንገባለን፣ «ስንት ነው?» እንላለን፣ ተሸክመን እንወጣለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ባለፈው ዓመት ከዚሁ ከሰፈራችን አንዲት ልጅ ሻወር ውስጥ ቧንቧውን ስትነካ ኤሌክትሪክ ነዝሯት ወድቃለች። እግዜር አተረፋት። ቢታይ ማሞቂያው አዲስ ነው፤ የመሬት ሽቦው ግን ከናካቴው አልተቀጠለም። ሻጩ አልተናገረም፣ የገጠመው ሰው አልጠየቀም፤ እኛም ጎረቤቶቿ ዝም ብለን አይተናል።

እንግዲህ ምርጫችን ምን ምን ነው? ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ውሃውን ወዲያው የሚያሞቀው ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ 5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በ220 ቮልት 23 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ይህን ያረጀ ቀጭን ሽቦ አይችለውም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል። ቦይለር ግን 2 ኪሎዋት ያህል ስለሚበቃው ለመስመሩ ይቀላል። የፀሐይ ማሞቂያ መብራት ይቆጥባል፤ ጠንካራ ጣሪያና ጥላ የሌለበት ቦታ ይፈልጋል።

አራተኛው የሙቀት ፓምፕ የሚባለው ነው። አሠራሩ ከፍሪጅ የተለየ አይደለም። የፍሪጃችንን ጀርባ ብንነካ ይሞቃል አይደል? ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚጥል ነው። ፓምፑም ከአየር ሙቀት ወስዶ ውሃው ውስጥ ይጨምራል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ቦይለር 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ ደህና የሙቀት ፓምፕ ሲሶውን ያህል ይበቃዋል። የአዲስ አበባ አየር እንደ አውሮፓ ክረምት ስለማይከብድ ይስማማዋል። ሆኖም መግዣው ውድ ነው፤ ቀስ ብሎ ያሞቃል፤ አየር የሚንሸራሸርበት ቦታ ይሻል፤ ማራገቢያውም ድምፅ አለው። ስለዚህ ከጎረቤት መኝታ መስኮት ሥር አይተከል። ጋዙን የሚያውቅ ጠጋኝና መለዋወጫ ከሌለ ደግሞ ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል።

ለትልቅ ቤተሰብ፣ በየቀኑ ለሚታጠብ፣ ትርፉ ቶሎ ይታያል። ለሁለት ሰው ትንሽ ቦይለር ይበቃል። የመብራት ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር፣ የመግዣውን ብቻ ሳይሆን የወር ሂሳቡንም አብረን እናስላ።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦ ስንት ኪሎዋት ይስባል? የቤቴ ሽቦና ቆጣሪ ይችለዋል? የመሬት ሽቦ አለኝ? ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከርስ? ዋስትናው ለስንት ጊዜ ነው፣ ማንስ ይጠግነዋል? መልስ የሌለው ሻጭ ዘንድ ገንዘባችንን አንተው።

አንድ ነገር እንጨምር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሁላችንም አንድ ላይ ስናበራ የሰፈሩ መብራት ይደክማል፤ እንጀራ የምትጋግረው ጎረቤታችን ምጣድ ይቀዘቅዝባታል። ቦይለር ያለን አስቀድመን አሙቀን እናጥፋ።

ከመካከላችን የኤሌክትሪክ ሙያ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ስማችሁን ለኮሚቴው ስጡ። ቤት ለቤት እየዞራችሁ የመሬት ሽቦ ብታዩልን ውለታችሁን አንረሳም። ሙቅ ውሃ ጥሩ ነው፤ የልጆቻችን ሕይወት ግን ይቀድማል።

የማኅበሩ ኮሚቴ