ቪኒሉን ሲገሽልጡ ታሪኩንም አብረው ገሸለጡት

በአሜሪካ የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ያልበረደ ጠብ አለ። ጠቡ ስለ ሞተር አይደለም። ስለ ጣሪያ ነው።

ዲትሮይት በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ያመረተቻቸው ባለ ትልቅ ሞተር መኪኖች፣ «መስል ካር» የሚባሉት፣ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጣሪያቸው ላይ ቆዳ የሚመስል ቪኒል ተለጥፎባቸው ነበር። ዛሬ እነዚህን መኪኖች የሚያሳድስ ሰው ግን ጋራዥ በገባ ማግስት «በመጀመሪያ ያን ላስቲክ ገሽልጡልኝ» ይላል። ቪኒሉ ይነሳል፣ የጌጥ መያዣው ቀዳዳ ይበየዳል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ ቀለም ይቀባል። ከዚያ መኪናው «ወደ ቀድሞ ይዞታው የተመለሰ» ተብሎ ለጨረታ ይቀርባል።

ወደ የትኛው ቀድሞ? ያ መኪና አንድም ቀን ራቁቱን ጣሪያ ይዞ አያውቅም።

የገሽላጮቹ መከራከሪያ ሲሰሙት ደስ ይላል። መስል ካር ማለት ፍጥነት ነው፣ ጉልበት ነው፤ ቪኒል ደግሞ ለጡረተኛ መኪና የተሠራ ጌጥ ነው ይላሉ። ይህን የሚሉት ግን መኪኖቹ እንዴት እንደተሸጡ የረሱ ሰዎች ናቸው። በ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦን ሲያወጣ የሸጠው ቴምፔስት በተባለው ተራ መኪናው ላይ የሚጨመር የአማራጭ ጥቅል ነበር። ገዢው ወጣት ወረቀት ላይ ምልክት እያደረገ ነው መኪናውን የሚያዘው፤ ይህን ሞተር፣ ያን ማርሽ፣ ያን ወንበር፣ ያን ጣሪያ። ፖንቲያክ የቪኒሉን ጣሪያ «ኮርዶቫ» ብሎ በክብር ስም ይጠራው ነበር። ሼቭሮሌት በካማሮ ላይ ሲ08 በሚል ኮድ ከመቶ ዶላር ባነሰ ዋጋ ይሸጠው ነበር። ማንም አላስገደደም። ፈልገው፣ ከፍለው ነው የወሰዱት።

«ንጹሕ ፍጥነት» የሚለው ተረት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በ1968 የወጣው ፕሊመዝ ሮድ ራነር ለወጣት ኪስ የሚሆን፣ ምቾቱ የተቀነሰ፣ ሞተሩ የበረታ መኪና ነው። የንጽሕና ሰባኪዎች የሚምሉበትም እርሱ ነው። ግን ስሙ የተወሰደው ከካርቱን ፊልም ወፍ ነው፤ ለዋርነር ብራዘርስ ተከፍሎበት። ጥሩንባው እንኳ የወፏን ድምፅ እንዲመስል ሆኖ ተሠርቷል። በ1969 እና በ1970 ደግሞ ያው ፕሊመዝ ባራኩዳ ላይ አበባ የታተመበት የቪኒል ጣሪያ አቀረበ። አዎ፣ አበባ! የሚያስቅ ከሆነ ይሳቅ፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር። መስል ካር ሲወለድ ጀምሮ ግማሹ ሞተር፣ ግማሹ ትርኢት ነው። ትርኢቱን ቆርጦ ጥሎ ሞተሩን ብቻ «እውነተኛው» ማለት የራስን ምኞት ታሪክ ብሎ መጥራት ነው።

አሁን ገሽላጮቹ ሊያነሱት ወደማይወዱት መኪና እንምጣ። ፕሊመዝ ሱፐርበርድ፣ የ1970 ምርት።

ሱፐርበርድ የተሠራው ለናስካር ውድድር ነው። አፍንጫው እንደ ጦር የሾለ፣ ኋላው ላይ ረጅም ክንፍ የቆመበት መኪና ነው። ከእርሱ በፊት በ1969 ወንድሙ ዶጅ ቻርጀር ዴይቶና ወጥቶ ነበር፤ ያኔ የውድድሩ ሕግ ለሕዝብ የሚሸጥ 500 መኪና ብቻ ስለሚጠይቅ ዴይቶና ከ500 ብዙም አልበለጠም። በ1970 ሕጉ ጠበቀና ለየሁለት ሻጭ ድርጅት አንድ መኪና ይሠራ ተባለ። ፕሊመዝ ወደ 1,900 ገደማ ሱፐርበርድ በጥድፊያ ማምረት ግድ ሆነበት።

ችግሩ ከኋላ መስታወቱ ዘንድ ነበር። ነፋሱ ሳይሰበር እንዲያልፍ የኋላውን መስታወት አቀማመጥ ለመቀየር ተጨማሪ ላሜራ ተቆርጦ ተበየደ። የብየዳው ስፌት ታየ። ዴይቶና ላይ ይህን ስፌት በእጅ ሞልተው፣ ሞርደው አጥፍተውታል። ለ1,900 መኪና ግን ይህን ማድረግ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ስለዚህ ፕሊመዝ ምን አደረገ? ጥቁር ቪኒል አለበሰው። ለሽያጭ የወጣ ሱፐርበርድ ሁሉ ጥቁር የቪኒል ጣሪያ ይዞ ነው የወጣው፤ አማራጭ አልነበረውም።

እንግዲህ «ቪኒል የፍጥነት ጠላት ነው» የሚለው ሰው ይህን ምን ይለዋል? በዚያ ዓመት ፒት ሃሚልተን በሱፐርበርድ የዴይቶና 500ን ውድድር አሸንፏል። ሪቻርድ ፔቲ ወደ ፎርድ ኮብልሎ ከቆየ በኋላ ወደ ፕሊመዝ የተመለሰው በዚያው ዓመት ነው፤ የነዳውም ሱፐርበርድ ነው። እርግጥ የውድድሮቹ መኪኖች ቪኒል አልነበራቸውም። ግን እነዚያ ትራኩ ላይ እንዲሰለፉ ያስቻሏቸው መንገድ ላይ የሚነዱት ባለ ቪኒሎቹ ናቸው። የሱፐርበርድን ቪኒል የሚገሽልጥ ሰው ከሥሩ የሚያገኘው የተደበቀ ውበት አይደለም። የጥድፊያ ብየዳ ነው።

ይህ በሱፐርበርድ ብቻ የሚቀር አይደለም። በሌሎቹም ባለ ቪኒል መኪኖች ጣሪያውና የኋላ ጎኑ የሚገናኙበት ስፌት፣ ይሸፈናል ተብሎ ስለታሰበ፣ ብዙ ጊዜ በቅጡ አልተስተካከለም። ያን ስፌት በስቱኮ ሸፍኖ ቀለም ማልበስ ይቻላል። ጥቂት ክረምትና በጋ ሲፈራረቅበት፣ ላሜራው በሙቀት ሲለጠጥና በብርድ ሲኮማተር ግን መስመሩ ቀለሙን ገፍቶ ብቅ ይላል።

ዝገቱስ? ይህ የገሽላጮቹ እውነተኛ ነጥብ ነው፤ መካድም አይገባም። ቪኒል ፕላስቲክ ነው። ልስላሴውን የሚሰጡት ቅመሞች በፀሐይ ብዛት ይተናሉ፤ ከዚያ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ውኃው በስንጥቁና በመስታወቱ ዙሪያ ባለው ጌጥ ሥር ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ከላይ ምንም ሳይታይ ከሥር ላሜራው ይበላል። ቪኒሉን በጣት ሲጫኑት እንደ ቁስል ከተነፋ፣ ሥሩ አልቋል ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ሃምሳ ዓመት ውጭ ያደረ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ጣሪያ ታሪክ ነው። ዛሬ የሚታደስ መኪና እስከ ባዶ ላሜራው ይፋቃል፣ ኤፖክሲ ይቀባል፣ ስፌቱ ይታሸጋል፤ አዲሱ ቪኒል የሚለጠፈው ከዚያ በላይ ነው። በዚያ ላይ ቪኒል ነክቷቸው የማያውቁ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖችም በኋላ መስታወታቸው ቦይ ስንቱ ዝጓል! ለዝገት ተብሎ ቪኒል ይነሳ ከተባለ መስታወቱም ይነሳ።

የቪኒልን ስም ያጠፋው ሌላ ነገር ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በኋላ የጭስ ሕጉ፣ የኢንሹራንሱ ውድነትና የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ተደራርበው የመኪኖቹን ጉልበት ወሰዱት። ሞተሩ ሲደክም ቪኒሉ ወፈረ። ከሥሩ ስፖንጅ ተጨመረለት፣ ግማሽ ጣሪያ ብቻ የሚሸፍን ሆነ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ «የኦፔራ መስኮት» ተከፈተለት። የዛሬው ሰው ቪኒል ሲያይ የሚያስታውሰው እነዚያን ከባድና ሰነፍ መኪኖች ነው። በ1978 ጥፋት የ1969ኙን መቅጣት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ሌላውም ወገን ንጹሕ አይደለም። ከፋብሪካ ባዶ ጣሪያ ይዞ በወጣ መኪና ላይ ቪኒል የሚለጥፉ አሉ፤ አንዳንዱ ለማማር፣ አንዳንዱ የበሰበሰ ላሜራና የተቆለለ ስቱኮ ለመሸፈን። የመጀመሪያው የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ማታለል ነው። ቪኒሉን ገሽልጦ «ኦሪጅናል» ብሎ የሚሸጠውም ከእርሱ አይሻልም። ሁለቱም ገዢው ጣሪያውን አይቶ የተሳሳተ ነገር እንዲያምን ያደርጋሉ፤ በዚህ ገበያ ደግሞ ስህተቱ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል።

«መኪናው የኔ ነው» ይላል ባለቤቱ። ነው እንጂ! ሐምራዊ ይቀባው፣ ክንፍ ይትከልለት። ለዚህ ሥራ «ሬስቶሞድ» የሚባል ስም አለው፤ የሚያፍርበት ነገር የለም። ጠቡ «ታደሰ» በሚለው ቃል ላይ ብቻ ነው። ቡሊት በተባለው የ1968 ፊልም ስቲቭ ማክዊን የነዳው ሙስታንግ በጥር 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ ከነኮሚሽኑ 3.74 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ቀለሙ እንደደበዘዘ፣ ጭረቱ እንዳለ ነው። ዋጋውን የሰቀለው ፊልሙ ነው፣ ልክ። ግን ሻጩ አስቀብቶ ላሳምረው አላለም፤ ገዢውም አልጠየቀም።

ለመጠራጠር ደግሞ ምክንያት የለም፤ ወረቀቱ አለ። ፎርድ ለገዛ ሰው የማርቲ ሪፖርት አለለት፤ ለፖንቲያክ የፋብሪካውን መዝገብ ቅጂ የሚሰጥ አገልግሎት አለ። የክራይስለር መኪኖችማ ራሳቸው ይናገራሉ። ኮፈኑን ከፍቶ በሾፌሩ በኩል የታሰረችውን ትንሽ ቆርቆሮ ማንበብ ይበቃል። ቪ1ኤክስ የሚል ካለባት መኪናው ጥቁር ቪኒል ይዞ ነው የተወለደው። ገሽላጩ ጣሪያውን አስተካክሎ ሲጨርስ የሚቀረው ያቺን ቆርቆሮ ምን እንደሚያደርጋት መወሰን ነው።