ከፍራይ ቤንቶስ የሥጋ ፋብሪካ መነሣትና መውደቅ የምንማረው

አንድ አገር በጥሬ ሀብት ስለበለጸገ ብቻ የሀብቱ ተጠቃሚ ይሆናል ማለት አይደለም። የማምረቻ መሣሪያው የማን እንደሆነ፣ ምርቱስ ለማንና በማን ውሳኔ እንደሚሸጥ እስካልተጠየቀ ድረስ፣ ከብቱ የአንዱ፣ ድካሙ የሌላው፣ ትርፉም የሦስተኛው ሆኖ መቅረቱ በታሪክ የታየ ሐቅ ነው። በደቡብ አሜሪካ፣ በኡራጓይ ወንዝ ዳርቻ የምትገኘው ትንሽ ከተማ ፍራይ ቤንቶስ ለዚህ ሕያው ምስክር ናት።

እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዚያ አካባቢ ከብት በብዛት ይታረድ የነበረው ለቆዳውና ለሞራው ሲባል ነበር። ማቀዝቀዣ ያለው መርከብ ገና ስላልነበረ ከሥጋው ከፊሉ በጨው ደርቆ ሲላክ ብዙው ይባክን ነበር። ይህን የተመለከተው ጀርመናዊው መሐንዲስ ጊበርት፣ የአገሩ ሰው የኬሚስትሪ ሊቅ ሊቢግ በ1847 ያወጣውን ዘዴ ይዞ ተነሣ። ዘዴውም የሥጋ መረቅ እንደ ማር እስኪወፍር ድረስ ማፍላት ነው፤ ለ1 ኪሎ የወፈረ መረቅ 30 ኪሎ ያህል ሥጋ ያስፈልግ ነበር። በ1865 ኩባንያው ሲመሠረት መሬቱና ከብቱ የኡራጓይ፣ ካፒታሉና ዋና መሥሪያ ቤቱ ግን የለንደን ሆኑ። የኋለኛው ዕጣ ገና ከጅምሩ የተወሰነው በዚህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ፈጣን ሆነ። በ1870ዎቹ በቆርቆሮ የታሸገ የበሬ ሥጋ ማምረት ተጀመረ። ቆዳው፣ አጥንቱ፣ ቀንዱና ደሙ ሁሉ ወደ ሸቀጥ ተለወጠ፤ ከበሬው ሳይሸጥ የሚቀረው እምቧታው ብቻ ነው እስከመባል ተደረሰ። በ1883 የኤሌክትሪክ መብራት በኡራጓይ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የበራው በዚሁ ፋብሪካ ነው። ከሃምሳ በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ ወዝ አደሮች በሺህ እየተቆጠሩ ተሰባሰቡ። በ1924 ቬስቲ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ፋብሪካውን ገዝቶ አንግሎ የሚል ስም ሰጠው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የብሪታንያ ወታደር ስንቁን ከዚህ አገኘ፤ በ1943 ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቆርቆሮ ሥጋ ተልኳል።

ፋብሪካው ለከተማዋ እንጀራና ብርሃን መስጠቱን መካድ አይገባም። ነገር ግን ብርሃኑ የሚበራውም የሚጠፋውም ከባሕር ማዶ ነበር። በ1964 በስኮትላንድ ከተማ በአበርዲን ከ400 በላይ ሰዎች በታይፎይድ ሲታመሙ፣ መነሻው ከአርጀንቲና የመጣ የቆርቆሮ ሥጋ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የፍራይ ቤንቶስ ባይሆንም የሸማቹ እምነት ተናጋ። በ1967 እና 1968 በብሪታንያ የአፍና የእግር በሽታ ከብት በፈጀ ጊዜ ከደቡብ አሜሪካ በሚገባ ሥጋ ላይ ቁጥጥሩ ጠበቀ። በ1971 ፋብሪካው ወደ ኡራጓይ መንግሥት እጅ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ብሪታንያ የአውሮፓን የጋራ ገበያ ተቀላቀለች፤ የገበያውም በር በአባል አገሮች ገበሬዎች ጥቅም ልክ ጠበበ። በ1979 የፋብሪካው ማሽኖች ጸጥ አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። መንግሥት የተረከበው ግድግዳውን፣ ማፍያ ጋኑንና ደመወዝ ጠባቂውን ወዝ አደር ነበር። ገበያው፣ መርከቡና የንግድ ምልክቱ ግን አልተላለፉም። ስለዚህም የባለቤትነት ወረቀት መለወጥ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ከሁሉ የሚያስቆጨው፣ ዛሬም በብሪታንያ መደብሮች ፍራይ ቤንቶስ የሚል ስም የተጻፈበት የታሸገ የሥጋ ምግብ መሸጡ ነው፤ የሚመረተው ግን እዚያው ብሪታንያ ነው። ከተማዋ የራሷን ስም እንኳ ማስቀረት አልቻለችም። ለእርሷ የተረፋት በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ባዶ ፋብሪካ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይህ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ምክንያት አድርጋ ከአፍሪካ ቀንድ የቁም ከብት እንዳይገባ በከለከለች ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ቆላ አርብቶ አደር በአንድ ገዥ በር ላይ መቆም ምን እንደሚያስከትል በገዛ መንጋው አይቷል። ስለሆነም ፋብሪካ መትከል የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። የከብትን ጤና በራስ ባለሙያ መጠበቅ፣ ከአንድ በላይ ገበያ ማዘጋጀት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የአገሩ ሕዝብ ራሱ የምርቱ ተመጋቢ እንዲሆን ማስቻል ሌላው ግማሽ ነው። ከብት አርቢው ልጁን ሥጋ ሳያበላ ባሕር ማዶ የሚቀልብ ፋብሪካ፣ ባሕር ማዶ ያለው በጠገበ ዕለት መዘጋቱ አይቀርም።